ፓርሰሩ የማይከፍተው ፋይል፦ ኖቴሽንና ያልተተነተነ ኤንቲቲ በኤክስኤምኤል

የኤክስኤምኤል ሰነድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጽሑፍ ነው። ታጎቹም ሆኑ በመካከላቸው ያለው ይዘት በዩኒኮድ ፊደላት ይጻፋሉ። ፎቶግራፍ፣ ድምፅ ወይም የምሕንድስና ንድፍ ግን ጽሑፍ አይደለም፤ ባይቶቹ እንዳሉ ወደ ሰነዱ ከገቡ ሰነዱን የሚያነበው ፕሮግራም፣ ማለትም ፓርሰሩ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ላይ ተደናቅፎ ይቆማል። ስለዚህ ሥዕል የሚያስፈልገው ሰነድ ሥዕሉን ውጭ ትቶ ወደ እሱ ማመልከት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.0 ለዚህ የሚሆኑ ሁለት መሣሪያዎችን ዲቲዲ በሚባለው የሰነድ ዓይነት መግለጫ ውስጥ አስቀምጧል። አንዱ ኖቴሽን ነው፤ «እንዲህ ያለ የዳታ ዓይነት አለ» ብሎ ያስታውቃል። ሌላው ያልተተነተነ ኤንቲቲ ነው፤ «ይህ ስም ያለው ውጫዊ ፋይል የዚያ ዓይነት ነው፤ ፓርሰሩ እንዳይነካው» ይላል። ዛሬ በኤክስኤምኤል ከሚሠሩ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ሁለቱንም ተጠቅመው አያውቁም። ሐሳቡ ጤናማ ነበር፤ ያዳከመው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ነገሩ ከኤክስኤምኤል በፊት የተጀመረ ነው። ቻርልስ ጎልድፋርብ፣ ኤድዋርድ ሞሸርና ሬይመንድ ሎሪ በአይቢኤም ውስጥ ከ1969 ጀምሮ የሠሩት ጂኤምኤል አድጎና ሰፍቶ፣ በ1986 ኤስጂኤምኤል በሚል ስም የአይኤስኦ 8879 ደረጃ ሆነ። የዚህ ቋንቋ ቀዳሚ ተጠቃሚዎች የሰነዳቸው ዕድሜ ከኮምፒውተራቸው ዕድሜ የሚረዝም ተቋማት ነበሩ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ካልስ በተባለው መርሐ ግብሩ ከመሣሪያ አቅራቢዎች የሚቀበለው የጥገና መመሪያ ጽሑፉ በኤስጂኤምኤል፣ የመስመር ሥዕሉ በሲጂኤም፣ የምሕንድስና ንድፉ በአይጄስ፣ በስካነር የተነሣው ገጽ ደግሞ ከፋክስ በተወሰደ የማመቅ ስልት እንዲቀርብ ያዝ ነበር። አንድ መመሪያ አራት ዓይነት ዳታ ተሸክሞ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ይጓዛል፤ ተቀባዩ ማሽን ደግሞ ላኪው ያልሰማበት ሥርዓተ ክወና የሚጠቀም ሊሆን ይችላል። በፋይል ስም መጨረሻ ላይ ያሉ ሦስት ፊደላት በዚያ ዘመን ዋስትና አልነበሩም፤ የፋይል ስም ቅጥያ የሚባል ነገር ጭራሽ የሌላቸው ሥርዓቶችም ነበሩ። የዳታው ዓይነት በሰነዱ በራሱ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ነበረበት።

ኤስጂኤምኤል ይህን ሲያስተናግድ እጁ ለጋስ ነበር። ልዩ ልዩ የዳታ ኤንቲቲ ዓይነቶች ነበሩት፤ አንድን ሙሉ ሰነድ በሌላ ሰነድ ውስጥ የሚያስገባ ኤንቲቲም ነበረው። ለኖቴሽኑ አትሪቢዩት መስጠት ስለሚፈቅድ የአንድን ሥዕል ስፋትና ጥራት በዚያው በኤንቲቲው መግለጫ ላይ መጻፍ ይቻል ነበር። በሰን ማይክሮሲስተምስ ባልደረባ በጆን ቦሳክ ሊቀመንበርነት የተሰባሰበው የደብልዩ3ሲ ቡድን ይህን ሁሉ አሳንሶ ኤክስኤምኤልን ሲሠራ አብዛኛውን ቆርጦ ጣለ። የቀረው ኤንዳታ የሚል ቁልፍ ቃል የሚይዘው አንዱ ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱም ከነአትሪቢዩቱ አይደለም። እሱስ ለምን ቀረ ለሚል ጥያቄ መልሱ በራሱ በደረጃው መግቢያ ላይ ይገኛል፤ አዲሱ ቋንቋ ከኤስጂኤምኤል ጋር ተስማሚ እንዲሆን ከንድፍ ግቦቹ በአንዱ ላይ ተጽፏል። ነባር ሰነዶችን ያለ ሥዕላቸው ማሻገር አይቻልምና።

አሠራሩ በሦስት እርከን ይሄዳል። የውሃ ፓምፕን የሚገልጽ የጥገና መመሪያ ምሳሌ ይሁን። በመጀመሪያ ኖቴሽን ይታወጃል፤ ለዓይነቱ «ሲጂኤም» የሚል ስም ይሰጠውና ከስሙ ቀጥሎ መለያው ይጻፋል። መለያው ሲስተም ከሚለው ቃል በኋላ የሚመጣ አድራሻ፣ ፐብሊክ ከሚለው ቃል በኋላ የሚመጣ የታወቀ የወል ስም፣ ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ኤክስኤምኤል ውስጥ አድራሻ ሳይከተለው የወል ስም ብቻውን የሚፈቀደው በዚህ በኖቴሽን ብቻ ነው፤ ለኤንቲቲ ግን አድራሻው ግዴታ ነው። ልዩነቱ ትርጉም አለው። ኤንቲቲ የሆነ ቦታ ያለ ፋይል ነውና መገኛው መታወቅ አለበት፤ የዳታ ዓይነት ግን የሚታወቅ ነገር ነው እንጂ የሚወርድ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ኤንቲቲው ይታወጃል፤ «ፓምፕ1» የሚል ስም፣ የፋይሉ አድራሻ፣ ከዚያ ኤንዳታ የሚለው ቃል፣ በመጨረሻም ከላይ የታወጀው የኖቴሽን ስም «ሲጂኤም» በተርታ ይጻፋሉ። ሁሉን የሚለውጠው ኤንዳታ ነው። እሱ ከሌለ ኤንቲቲው ተራ ውጫዊ ኤንቲቲ ይሆናል፤ ፓርሰሩ ፋይሉን ከፍቶ እንደ ጽሑፍ ሊያነበው ይሞክራል። እሱ ካለ ፋይሉ ለፓርሰሩ ዝግ ነው። እርግጥ ያልተተነተነ መባሉ ይዘቱ የግድ ጽሑፍ አይደለም ማለት አይደለም። የላቴክ ቀመር ወይም ሌላ የኤክስኤምኤል ፋይል እንኳ ባለቤቱ ከፈለገ ባልተተነተነ ኤንቲቲነት ሊታወጅ ይችላል። ዲቲዲው ራሱ የሚገነባባቸው ፓራሜትር ኤንቲቲዎች ግን እንዲህ ሊታወጁ አይችሉም፤ እነሱ መነበብ ያለባቸው ናቸው። ይዘታቸው በመግለጫው ውስጥ የተጻፈ ውስጣዊ ኤንቲቲዎችም እንደዚያው።

ሦስተኛው እርከን አጠቃቀሙ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የተለመደ ኤንቲቲ በጽሑፍ መካከል በአምፐርሳንድ (&) ተጀምሮ በሴሚኮለን (;) ተዘግቶ ይጠራል። ያልተተነተነን ኤንቲቲ እንዲህ መጥራት ሥራ የሚያስቆም ስሕተት ነው፤ ፓርሰሩ በጽሑፉ መካከል የሚተካው ነገር የለውምና። ስሙ የሚጻፈው በአትሪቢዩት ዋጋ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያ አትሪቢዩት ደግሞ በዲቲዲው ውስጥ ኤንቲቲ ወይም ኤንቲቲስ የሚል ዓይነት የተሰጠው መሆን አለበት፤ ሁለተኛው ብዙ ስሞችን በባዶ ቦታ ለይቶ ይቀበላል። ስሙ ያለ አምፐርሳንድ ባዶውን ይቀመጣል። «ሥዕል» የሚባል ኤለመንት «ምንጭ» የሚል አትሪቢዩት ቢኖረው፣ ዋጋው «ፓምፕ1» ብቻ ይሆናል። በዚያ ስም የታወጀ ያልተተነተነ ኤንቲቲ ከሌለ ሰነዱ ሕጋዊነቱን ያጣል። የፋይሉ አድራሻ በሰነዱ አካል ውስጥ አንድም ቦታ አይታይም፤ ሥዕሉ አሥር ቦታ ቢጠቀስም አድራሻው የሚታረመው አንድ ቦታ ነው።

ኖቴሽን ሌሎች ሁለት አገልግሎቶችም አሉት። አንደኛው በአትሪቢዩትነት ነው፤ የኤለመንቱ ይዘት በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደቀረበ ከታወጁ ኖቴሽኖች መካከል አንዱን መርጦ መናገር ይቻላል። ለምሳሌ ቀን የሚይዝ ኤለመንት ቀኑ በየትኛው ደረጃ እንደተጻፈ ሊያስታውቅ ይችላል። ለአንድ ኤለመንት ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ አትሪቢዩት አይፈቀድም፤ ባዶ ተብሎ ለታወጀ ኤለመንትም አይሰጥም። ሁለተኛው የፕሮሰሲንግ ኢንስትራክሽንን ዒላማ ስም በይፋ ማስመዝገብ ነው። ሁለቱም በተግባር ብርቅ ናቸው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ማወጅ ነው። ሥዕሉን በስክሪን ላይ የሚያሳየውስ ማን ነው? ደረጃው ለዚህ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ፓርሰሩ ለአፕሊኬሽኑ የኤንቲቲውንና የኖቴሽኑን መለያዎች ያሳውቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአፕሊኬሽኑ ፈንታ ነው። ዓይነቱን የሚያነብ ፕሮግራም በማሽኑ ላይ አለመኖሩ እንኳ በስሕተትነት አይቆጠርም። ዴቪድ ሜጊንሰን ያስተባበረው ሳክስ፣ ማለትም ፓርሰርን ከአፕሊኬሽን የሚያገናኘው ስምምነት፣ ለዚሁ ሁለት ዘዴዎች ብቻ ያሉት በይነገጽ አዘጋጅቷል፤ አንዱ ኖቴሽን ሲታወጅ፣ ሌላው ያልተተነተነ ኤንቲቲ ሲታወጅ ይጠራል። ሁለቱም የሚደርሱት የመጀመሪያው ኤለመንት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራመሩ የመጡትን መለያዎች በሠንጠረዥ መዝግቦ መቆየትና ኋላ በአትሪቢዩት ውስጥ «ፓምፕ1» ሲያገኝ ወደ ሠንጠረዡ መመለስ አለበት። ከባድ ሥራ አይደለም። ግን ማንም ሳያስገድደው የሚሠራው ፕሮግራመር ጥቂት ነበር።

ትልቁ ክፍተት የኖቴሽኑ መለያ ነው። ደረጃው መለያው ምን መሆን እንዳለበት አልወሰነም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ እንደመሰለው ጻፈ። አንዳንዱ በአሜሪካ መከላከያ ወይም በሌላ ተቋም ስም የተጻፈ የወል ስም አስቀመጠ። አንዳንዱ በኢሜይልና በድር የዳታን ዓይነት የሚሰይመውን፣ «ኢሜጅ/ጂፍ» የመሰለ የማይም ዓይነት ጻፈ። ሌላው ፎርማቱን ወደሚያስረዳ ድረ ገጽ አመለከተ። በዲስኩ ላይ ያለን የሥዕል ማሳያ ፕሮግራም መንገድ የጻፈም ነበር። አንድን ጂፍ ሥዕል የሚያመለክቱ ሁለት ሰነዶች ስለዚህ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ በሲስተም የተጻፈ ሁሉ በሕጉ መሠረት አድራሻ ሆኖ መቆጠሩ ነው። «ኢሜጅ/ጂፍ» እንደ አንጻራዊ አድራሻ ከተነበበ «ኢሜጅ» በሚባል ማኅደር ውስጥ ያለ «ጂፍ» የሚባል ፋይል ማለት ይሆናል። ሳክስም አድራሻ የሆነ መለያ ሁሉ ወደ ሙሉ አድራሻ ተቀይሮ እንዲቀርብ ስለሚያዝ፣ አፕሊኬሽኑ የማይም ዓይነት ሲጠብቅ በዲስኩ ላይ ወደሌለ ቦታ የሚያመለክት ረጅም መንገድ ሊደርሰው ይችላል። የፕሮግራም መንገድ መጻፍ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ከማይታወቅ ሰው የመጣ ሰነድ በተቀባዩ ማሽን ላይ የትኛው ፕሮግራም እንደሚነሣ እንዲወስን መፍቀድ በየትኛውም መለኪያ ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ድሩ ሌላ መንገድ ይዞ ሄዷል። ማርክ አንድሪሰን በ1993 ለሞዛይክ ብራውዘር ያቀረበው የሥዕል ታግ የፋይሉን አድራሻ በቀጥታ በአትሪቢዩት ውስጥ ያስቀምጣል፤ ኤንቲቲ የለም፣ ኖቴሽን የለም። የፋይሉን ዓይነት የሚናገረው ሰርቨሩ ነው፤ ፋይሉን ሲልክ በፊቱ የማይም ዓይነቱን ያያይዛል። ማይም ለኢሜይል አባሪዎች ታስቦ በ1992 የወጣ ሲሆን ኖቴሽን የጎደለውን አንድ ነገር ይዞ ነበር፤ ስሞቹን በአንድ ቦታ የሚመዘግብ መዝገብ። ኤክስኤምኤል በ1998 ሲወጣ ውድድሩ ቀድሞ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ሥዕል ለመጨመር አንድ ታግ ይበቃው የነበረ ጸሐፊ፣ በሰነዱ ራስ ላይ ሁለት መግለጫ እንዲጨምር፣ ሦስተኛ ደግሞ የአትሪቢዩቱን ዓይነት በዲቲዲው እንዲያረጋግጥ ሲጠየቅ ምን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

የቦታው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ዲቲዲ የአንድ ሰነድ ሳይሆን የብዙ ሰነዶች ሕግ ነው፤ አንድ ተቋም ጽፎት ሺህ ሰነዶች ይጋሩታል። ኖቴሽን በዚያ መቀመጡ ያስማማል፤ የሚፈቀዱ የሥዕል ዓይነቶች ዝርዝር የተቋሙ ውሳኔ ነውና። «ፓምፕ1» ግን የዚህ ሰነድ ብቻ ሥዕል ነው። እሱን ለማወጅ ጸሐፊው በሰነዱ ራስ ላይ የራሱን ንዑስ ዲቲዲ መክፈት አለበት፤ ይዘት የሆነው ነገር ሕግ በሚጻፍበት ቦታ ገባ። ውጤቱ ቶሎ ታየ። ሁለት ሰነዶች ሲቀላቀሉ ከአካላቸው ጋር የማይሄድ፣ ለብቻው መዋሐድ ያለበት ራስ ይዘው ይመጣሉ፤ በሁለቱም ውስጥ «ፓምፕ1» የሚል ስም ካለ ግጭት ይፈጠራል። በ1999 የወጣው የኔምስፔስ ደረጃ የኤለመንትና የአትሪቢዩት ስሞችን ከእንዲህ ያለ ግጭት ቢያድንም፣ በኤንቲቲና በኖቴሽን ስሞች ውስጥ ቅድመ ቅጥያን የሚለየውን ሁለት ነጥብ (:) ከልክሎ ከዚያ ጥበቃ ውጭ ትቷቸዋል። ከዚህም ሌላ፣ ሕጋዊነትን የማይመረምር ፓርሰር ውጫዊውን ዲቲዲ የማንበብ ግዴታ የለበትም። የአትሪቢዩቱ ዓይነት በዚያ ከታወጀ እንዲህ ያለው ፓርሰር «ፓምፕ1»ን እንደማንኛውም ተራ ቃል አድርጎ ያልፈዋል። ያልታወጀ ኖቴሽን መጥቀስም የሕጋዊነት ስሕተት ብቻ ስለሆነ እሱን አያስቆመውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ደረጃዎች አንድ በአንድ ከዲቲዲ ራቁ። የመልእክት መለዋወጫው ሶፕ 1.1 በመልእክቶቹ ውስጥ የሰነድ ዓይነት መግለጫን ጨርሶ ከለከለ። በ2001 የጸደቀውና በዲቲዲ ምትክ የሚያገለግለው ኤክስኤምኤል ስኪማ አስገራሚ ግማሽ መንገድ ሄደ፤ ኖቴሽን የሚታወጅበትን ኤለመንት ሰጠ፣ ኤንቲቲ የሚል የዳታ ዓይነትም አካተተ፣ ኤንቲቲውን ራሱን የማወጅ ዘዴ ግን አልሰጠም። በስኪማ የሚመረመር ሰነድ የኤንቲቲ አትሪቢዩት ካለው ስሙን ለማወጅ አሁንም ዲቲዲ መክፈት አለበት። የደኅንነት ጉዳይ ደግሞ በሩን ዘጋው። ውጫዊ ኤንቲቲን በመጠቀም የሰርቨርን ምሥጢራዊ ፋይሎች የማስነበብ ጥቃት በ2017 በወጣው የኦዋስፕ አሥር ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር አራተኛ ሆኖ ተቀመጠ፤ መድኃኒቱም ዲቲዲን መዝጋት ነው ተባለ። ያ ጥቃት የሚመጣው ፓርሰሩ ከሚከፍታቸው ኤንቲቲዎች ነው። ያልተተነተነው ኤንቲቲ ፓርሰሩ የማይከፍተው በመሆኑ በዚህ ረገድ ንጹሕ ነው፤ ግን በአንድ ቤት ስለሚኖሩ አብሮ ተዘጋበት። በ2015 የጸደቀው የሰነድ ሞዴል ዶም4 ደግሞ የኤንቲቲና የኖቴሽን ኖዶችን ከሞዴሉ አወጣ፤ የዓይነት ቁጥሮቻቸው 6 እና 12 ለታሪክ ያህል ተቀምጠዋል።

የግእዝ ፊደል ተጠቃሚን የሚመለከት አንድ ጉዳይ እዚህ መነሣት አለበት። ከላይ ለምሳሌ የቀረበው «ፓምፕ1» የሚል ስም ለብዙ ዓመታት ክልክል ነበር። የኤክስኤምኤል 1.0 የመጀመሪያዎቹ አራት እትሞች በስም ውስጥ የሚፈቀዱ ፊደላትን በዩኒኮድ 2.0 ላይ ተመሥርተው በዝርዝር ቆጥረው ነበር፤ የግእዝ ፊደል ደግሞ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው። በይዘት ውስጥ አማርኛ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ኤለመንትን፣ አትሪቢዩትን፣ ኤንቲቲን ወይም ኖቴሽንን በአማርኛ መሰየም ግን ሰነዱን የተበላሸ ያደርገው ነበር። በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1 ይህን ቢያርምም ተቀባይ አላገኘም። እርማቱ ወደ ዋናው ቋንቋ የገባው በ2008 በአምስተኛው እትም ነው፤ ያኔ ኖቴሽንና ኤንቲቲ ከፋሽን ከወጡ ቆይተው ነበር። የግእዝ ብራናዎችን ቲኢአይ በሚባለው የጽሑፎች ኤክስኤምኤል ደረጃ የሚመዘግበው የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክት በ2016 ሲጀመር ወደ ሥዕል የሚወስደው መንገድ ቀጥተኛ አድራሻ ሆኗል። ቲኢአይ ራሱ በፒ4 እትሙ ሥዕልን በኤንቲቲ ስም ያስጠራ ነበር፤ በ2007 የወጣው ፒ5 ግን አድራሻን በቀጥታ የሚይዝ ኤለመንት ተክቶበታል። ለቴክኒክ መጻሕፍት የተሠራው ዶክቡክ ሁለቱንም አማራጭ ይዞ ዘልቋል፤ ጸሐፊዎቹ አድራሻውን ይመርጣሉ።

አሠራሩ በሙሉ ጤንነት የሚኖርበት አንድ ትልቅ ሠፈር ቀርቷል፤ ኤስ1000ዲ የሚባለው የአውሮፕላንና የመከላከያ ቴክኒክ ሰነዶች ደረጃ ነው። በዚያ እያንዳንዱ ሥዕል የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በሰነዱ ራስ ላይ ያልተተነተነ ኤንቲቲ ሆኖ ይታወጃል፣ ፎርማቱ በኖቴሽን ይገለጻል፣ በአካሉ ውስጥ ያለው የሥዕል ኤለመንትም ቁጥሩን ብቻ ይጠራል። ሰነዶቹ በስኪማ የሚመረመሩ ቢሆኑም ለዚሁ ሲባል የሰነድ ዓይነት መግለጫቸውን እንደያዙ ናቸው። ቦይንግ ለ787 አውሮፕላን ይህን ደረጃ መርጧል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ይህንኑ አውሮፕላን ነው። እዚህ የጸና ምክንያቱ የካልስ ዘመን ምክንያት ነው። አንድ አውሮፕላን ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሥዕሎቹ ማከማቻ ብዙ ጊዜ ይቀየራል፣ ቁጥራቸው ግን አይቀየርም። አንድ ሥዕል ሳይታወጅ ቀርቶ እንደሆነ መመሪያው ለመካኒኩ ከመድረሱ በፊት ጉድለቱ በፓርሰር ደረጃ ሊያዝ ይችላል። ቀጥተኛ አድራሻ ይህን ዋስትና አይሰጥም፤ የተሰበረ አድራሻ የሚታወቀው ሰው ሲከፍተው ነው።

ከዚህ ሠፈር ውጭ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ወደ ኖቴሽን የሚመለስበት ምክንያት የለውም፤ አድራሻን በአትሪቢዩት ማስቀመጥ፣ የማይም ዓይነቱንም እንደ አስፈላጊነቱ በሌላ አትሪቢዩት መጨመር ይበቃዋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የቆዩ ሰነዶችን ለሚያሻግር ነው። የኤክስኤምኤል ሰነዶችን ለመለወጥ የሚያገለግለው የኤክስኤስኤልቲ ቋንቋ የዳታ ሞዴል የሰነዱን ውስጣዊ ዲቲዲ አይጠብቅም፤ ሰነዱን እንዳለ ቀድቶ የሚያወጣ ትራንስፎርሜሽን እንኳ የኤንቲቲ መግለጫዎቹን ጥሎ ያልፋል። በውጤቱ ውስጥ «ምንጭ» የሚለው አትሪቢዩት አሁንም «ፓምፕ1» ይላል፤ «ፓምፕ1» ምን እንደሆነ የሚናገር መስመር ግን በሰነዱ ውስጥ የለም፤ ፕሮሰሰሩም ስሕተት አይልም። መፍትሔው ዲቲዲው ገና በእጅ ሳለ ስሙን ወደ አድራሻ መለወጥ ነው። ኤክስኤስኤልቲ 1.0 ከ1999 ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን ፋንክሽን አለው፤ ያልተተነተነን ኤንቲቲ ስም ተቀብሎ አድራሻውን ይመልሳል፣ እንዲህ ያለ ኤንቲቲ ካላገኘም ባዶ ቃል ይሰጣል። የ2007ቱ 2.0 እትም የወል ስሙን የሚመልስ ሌላ ጨምሯል። የኖቴሽኑን ስም የሚመልስ ግን በሁለቱም የለም፤ ፎርማቱ በኖቴሽን ብቻ የተገለጸ ከሆነ፣ እሱን ለማዳን በሳክስ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም መግለጫዎቹን አስቀድሞ ወደ ሠንጠረዥ መገልበጥ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ዲቲዲውን መዝጋት የሚቻለው።